«ጌት» ሁልጊዜ «አገኘ» አይደለም፦ ደረጃ በደረጃ የመለማመጃ መመሪያ

ስታዲየም አካባቢ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የምትቀበል አንዲት ተማሪ አለችኝ። አንድ ጠዋት የቁርስ ሰዓቱን ለአንድ እንግዳ ነገረችው። እሱም «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት» አላት። እሷ የሰማችው «አላገኘሁትም» የሚል ነው። ደንግጣ «ምን ጠፋብዎት?» አለችና ዕቃ ፍለጋ ገባች። ሰውየው ያለው ግን «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» ነበር።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ተምራለች። የጎዳት «ጌት ማለት አገኘ ማለት ነው» ብላ በልጅነቷ የያዘችው አንድ መስመር ነው። ይህንኑ ስህተት በየሳምንቱ ከሌሎችም እሰማዋለሁ። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማሠራውን ሥራ እንዳለ እዚህ አስቀምጫለሁ።

የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ባለ 50 ሉክ ደብተርና ሁለት እስክሪቢቶ አዘጋጁ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ይሁን። ቀዩ ሥራ አለው።

2. እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት ያዙ። የኦክስፎርድም የሎንግማንም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ወረቀት የምትመርጡ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ጠይቁ። ቤት ውስጥ ጫጫታ ካለ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ሥሩ።

3. ለሰባት ቀን በቀን 30 ደቂቃ መድቡ። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት አጥንቶ ሳምንቱን መተው አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ፦ መዝገበ ቃላቱን ከፍታችሁ የ«ጌት»ን ፍቺ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ አትሞክሩ። በጣም ረጅም ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱ የራሳችሁን መልስ ማረጋገጫ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ቅርጹንና ድምፁን አስተካክሉ

ሦስቱ ቅርጾች «ጌት፣ ጎት፣ ጎት» ናቸው። አሜሪካኖች ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ «ጎተን» ይሉታል። ፊልም ላይ ስትሰሙት ሌላ ቃል እንዳይመስላችሁ።

ድምፁን አታስረዝሙ። በር ማለት የሆነው «ጌይት» አራት ፊደል ነው፣ ድምፁም ይረዝማል። የእኛ ቃል ሦስት ፊደል ነው፣ ቶሎ ይቆረጣል። ሁለቱን እያከታተላችሁ አሥር ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉ።

አሁን ጆሯችሁን አዘጋጁ። ከቃሉ ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ አሜሪካዊው «ት»ን ያለዝባታል። «ጌት ኢት» በአፉ «ጌዲት» ይሆናል። «ጌት አፕ» ደግሞ «ጌዳፕ»። «ሰው ሲያወራ ጌትን ሰምቼው አላውቅም» የሚሉኝ ተማሪዎች ሲሰሙት ኖረዋል፣ ግን በዚህ መልኩ ነው።

«አይ ሃቭ ጎት» ሲመጣ ቆም በሉ። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ብራዘርስ» ማለት «ሁለት ወንድሞች አሉኝ» ነው። ወንድም ያገኘ የለም።

ደረጃ 2፦ ሳትተረጉሙ ቀጥሎ የመጣውን ቃል አስምሩበት

ሙሉው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ጌት» ለብቻው ይህ ነው የሚባል ትርጉም የለውም ብላችሁ ጀምሩ። ትርጉሙን የሚሰጠው አጠገቡ ያለው ቃል ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ያዘ»ን ተመልከቱ። ታክሲ ያዝኩ። ጉንፋን ያዘኝ። ሥራ ያዝኩ። ሦስቱ ላይ የ«ያዘ» ሥራ አንድ አይደለም፣ ማንም ግን አይደናገርም። አጠገቡ ያለውን ቃል ስለምናይ ነው። ደግሞ ሦስቱንም በእንግሊዝኛ «አይ ጎት» ብሎ መጀመር ይቻላል።

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። «ጌት» ወይም «ጎት» ያለበት አሥር ዓረፍተ ነገር ከዜና፣ ከፊልም የግርጌ ጽሑፍ ወይም ከስልካችሁ መልእክት ሰብስቡ። በሰማያዊ ጻፏቸው። ከዚያ ከ«ጌት» ቀጥሎ ያለውን ቃል በቀይ አስምሩ። አትተርጉሙ። ዛሬ የሚበቃው ይኸው ነው።

የመተርጎም ፍላጎት ካስቸገራችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻ ወደ ፊት አንብቡት። አእምሮ «አገኘ» ብሎ ከመሮጡ በፊት ዓይን ቀጣዩን ቃል ይይዛል።

ደረጃ 3፦ በአምስት ሳጥን ክፈሉ

አንድ ሙሉ ገጽ ላይ አምስት ሳጥን ሥሩ።

ሳጥን 1፦ ቀጥሎ ስም ሲመጣ

እዚህ «አገኘ» ይሠራል፣ ግን ብቻውን አይደለም። «አይ ጎት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ ነው። «አይ ጎት ሰም ብሬድ» ዳቦ ገዛሁ ሊሆን ይችላል። «ጌት ዘ ፎን» ስልኩን አንሺ፣ «ጌት ዘ ዶር» ደግሞ በሩን ክፈቺ ነው። «ጌት ሚ ኤ ኮፊ» ቡና አምጪልኝ ነው። «ሚ» መሐል ሲገባ የእኛን «-ልኝ» አስታውሱ።

«ነገሩን ተረዳ» የሚለውም እዚህ ይገባል። «አይ ጌት ኢት» ገባኝ ነው። የሆቴሉ እንግዳ ያለውም የዚሁ ዘመድ ነው።

ሳጥን 2፦ ቀጥሎ ቅጽል ሲመጣ

እዚህ ጋ «አገኘ»ን ሙሉ በሙሉ እርሱት። የሁኔታ መለወጥ ነው። እንግሊዝኛ ሁለት ቃል የሚጠቀምበትን አማርኛ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግሥ ይጨርሰዋል። «ጌት ታየርድ» ደከመው። «ጌት ሃንግሪ» ራበው። «ጌት አንግሪ» ተናደደ። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየጨለመ ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ሌት» እየመሸ ነው፣ ጠዋት ከሆነ ደግሞ እየረፈደ ነው።

ሲገባችሁ ወደ ኋላ ሥሩት። «በረደኝ» ስትሉ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል መፈለግ እንዳለባችሁ ልመዱ፦ «ጎት» እና «ኮልድ»።

እዚህ ጋ ትልቁ ወጥመድ አለ። ሁለቱን አነጻጽሩ፦

«አይ ጎት ኮልድ» በረደኝ።
«አይ ጎት ኤ ኮልድ» ጉንፋን ያዘኝ።

ልዩነቱ አንዲት «ኤ» ናት። «ኤ» ስትገባ ቀጣዩ ቃል ስም ሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩም ወደ ሳጥን 1 ሄደ። በሐምሌ ዝናብ ሥራ የቀረ ሰው አለቃው ጋ ሲደውል የትኛውን እንደሚል ማወቅ አለበት። በረደኝ ብሎ መቅረትና ታምሜ ቀረሁ ማለት አንድ አይደሉም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። «ሐኪም ሆነ» ለማለት «ሂ ጎት ኤ ዶክተር» አትበሉ። ሰሚው «ሐኪም አመጣ» ብሎ ይረዳችኋል። ቀጥሎ ሙያ ወይም ሌላ ስም ካለ «ቢኬም» በሉ። «ጌት» መሆንን የሚያሳየው ከቅጽል ጋር ነው።

ሳጥን 3፦ ቀጥሎ «ቪ ስሪ» ሲመጣ

ትምህርት ቤት «ቪ ስሪ» ያልነው፣ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ማለቴ ነው። ይህ በአብዛኛው ከእኛ «ተ-» ጋር ይገጥማል። «ሂ ጎት ፋየርድ» ተባረረ። «ሺ ጎት ኢንቫይትድ» ተጋበዘች። «ዜይ ጎት ሮብድ» ተዘረፉ።

ሁሉም ግን አይገጥምም። «ጌት ድሬስድ» ለበሰ ነው። «ጌት ሎስት» መንገድ ጠፋው። «ጌት ሜሪድ» አገባ። በዚህ በመጨረሻው ላይ ተጠንቀቁ፦ በአማርኛ «ከእገሌ ጋር ተጋባች» ስለምንል ምላሳችን «ዊዝ» ይላል። ትክክሉ «ቱ» ነው፤ «ሺ ጎት ሜሪድ ቱ ኤ ቲቸር»።

ሳጥን 4፦ ስም መጥቶ ከኋላው «ቪ ስሪ» ሲከተል

ከአምስቱ ረጅም ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ልንበልጥበት የምንችል ነው። አማርኛ «አስ-» አለው። ማሠራት፣ ማሰፋት፣ ማስጠረግ። ሥራውን ሌላ ሰው እንደሠራልን ከግሡ ፊት በምትገባ በዚህች ቅጥያ ብቻ እንናገራለን። እንግሊዝኛ ይህንን በ«ጌት» ይሠራዋል።

ሜክሲኮ ወርዳችሁ የስልካችሁን መስታወት አስቀየራችሁ እንበል። ማታ ለባዕድ ጓደኛችሁ «አይ ፊክስድ ማይ ፎን» ካላችሁ ራሳችሁ ፈታታችሁ እንደጠገናችሁት ይገባዋል። «የኔንም ጠግንልኝ» ቢላችሁ አትገረሙ። መባል ያለበት «አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ» ነው።

ቅደም ተከተሉን በቁጥር ያዙት፦

1. «ጎት»
2. ዕቃው («ማይ ፎን»)
3. «ቪ ስሪ» («ፊክስድ»)

2 እና 3 ከተገለበጡ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። «አይ ጎት ፊክስድ ማይ ፎን» የሚባል የለም።

ሊስትሮ ጋ ጫማ አስጠርጋችሁ ስትነሡ «አይ ጎት ማይ ሹስ ፖሊሽድ» በሉ። ቀሚስ ያሰፋች «አይ ጎት ኤ ድሬስ ሜድ» ትበል። ፀጉር ላይ አማርኛችን ወደ «ተ-» ይሄዳል፤ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ። በእንግሊዝኛ ግን ያው ሳጥን 4 ነው፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»፣ «አይ ጎት ማይ ሄር ደን»።

ማስጠንቀቂያ፦ ይኸው ቅርጽ ክፉ ነገርንም ይናገራል። «አይ ጎት ማይ ፎን ስቶለን» ስልኬን ተሰረቅኩ ነው እንጂ ስልኬን አሰረቅኩ አይደለም። ፈልጋችሁት ነው ወይስ ደርሶባችሁ ነው የሚለውን ነገሩ ራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚብሰው ስህተት «አይ ወዝ ስቶለን» ማለት ነው። እሱ «እኔን ራሴን ሰረቁኝ» ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ ለባዕድ ሰው የምታስተረጉሙ ከሆነ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ።

ከዕቃ ይልቅ ሰው መሐል ከገባ «ቱ» ይጨመራል። «አይ ጎት ሂም ቱ ካም» ለምኜም አሳምኜም አመጣሁት ነው። «አይ ሜድ ሂም ካም» ካላችሁ ግድ ብላችሁታል፣ «ቱ»ም የለም።

ሳጥን 5፦ ቀጥሎ ቦታ ሲመጣ

ደረሰ ማለት ነው። አማርኛ «ፒያሳ ደረስኩ» ስለሚል «ቱ»ን እንረሳታለን። «አይ ጎት ፒያሳ» ካላችሁ ፒያሳ እጃችሁ ገባ እንደማለት ነው። «አይ ጎት ቱ ፒያሳ» በሉ። «ሆም»፣ «ሂር»፣ «ዜር» እና መሰሎቻቸው ግን «ቱ» አይወዱም። «አይ ጎት ሆም» ይበቃል።

ሰዓት ስትጨምሩ ደግሞ አስቡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ደርሳችሁ «አት ቱ» ካላችሁ ስድስት ሰዓት አርፍዳችኋል። «አት ኤይት» ነው።

በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ካልታወቃችሁ

ዓረፍተ ነገሩን ሳጥን ሳትሰጡት አንድ ቀን አሳድሩት። በማግስቱ «ጌት»ን በጣታችሁ ሸፍናችሁ የቀረውን ብቻ አንብቡ። «እኔ … ደካማ» ካለ ሳጥን 2 ነው። «እኔ … ስልኬ የተጠገነ» ካለ ሳጥን 4 ነው። አሁንም ካልሆነ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ፣ ግን ትርጉሙን ሳይሆን ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን ተመልከቱ። የእናንተን የሚመስል ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ትናንሾቹን ቃላት በመንገድ ላይ ተለማመዱ

«ጌት» ከ«አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ባክ» እና ከመሰሎቻቸው ጋር ሲገጥም ዝርዝር እየሸመደዱ መጨነቅ የተለመደ ነው። አትሸምድዱ። ቀናችሁን ተከተሉ።

ጠዋት ከአልጋ ስትነሡ «ጌት አፕ»። ዓይናችሁን ገልጣችሁ አልጋ ላይ ከሆናችሁ ግን እሱ «ዌክ አፕ» ነው፣ ገና አልተነሣችሁም።

ትራንስፖርት ላይ አንድ ደንብ ያዙ። ውስጡ ቆሞ መሄድ የሚቻል ከሆነ መግባቱ «ጌት ኦን»፣ መውረዱ «ጌት ኦፍ» ነው። የከተማ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን ከዚህ ይመደባሉ። ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው። የቤት መኪናና ራይድ እዚህ ናቸው። ሚኒባስ ታክሲ መሐል ላይ ነው፣ በሁለቱም ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ መንገደኛ ማመላለሻ ስለሆነ «ኦን» እና «ኦፍ» አስተምራለሁ። «ወራጅ አለ!» ባላችሁ ቁጥር በልባችሁ «አይ ዋንት ቱ ጌት ኦፍ» በሉ። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሁለት ሦስቴ ስትመላለሱ ይገባችኋል።

ስልክ ደውላችሁ መስመሩ እንቢ ሲል «አይ ኩድንት ጌት ስሩ»። አልገባልኝም እንደምንለው ነው።

ሥራ የምትፈልጉ፣ ይህቺን ልብ በሉ። ከቃለ መጠይቅ በኋላ «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ካሏችሁ «ወደ አንተ እንመለሳለን» አይደለም። መልሱን በስልክ ወይም በኢሜይል እናሳውቅሃለን ነው። ተቀጠርክ ማለትም አይደለም። ይህንን ሰምቶ ሌላ ቦታ ማመልከት ያቆመ ልጅ አውቃለሁ። ሁለት ወር ጠበቀ። አንጀቴን በላኝ።

ለመጀመሪያው ሳምንት እነዚህ ይበቃሉ። በሚቀጥለው «ጌት ኦቨር» (ከሕመም ወይም ከሐዘን መላቀቅ) እና «ጌት አሎንግ» (መስማማት) ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ «ቱ» እና ግሥ ሲከተል

ቀጥሎ «ቱ» ካለ አንድ ቃል ወደፊት ተመልከቱ። ቦታ ከሆነ ሳጥን 5። ግሥ ከሆነ ዕድል ማግኘት ነው። «አይ ጎት ቱ ሚት ኸር» የማግኘት ዕድል ደረሰኝ፣ አገኘኋት ነው። ከፊቱ «ሃቭ» ካለ ግን ግዴታ ነው። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» መሄድ አለብኝ። በወሬ መሐል ይህ «ጋታ» ሆኖ ይሰማል፦ «አይ ጋታ ጎ»። ማመልከቻ ላይ «ጋታ» አትጻፉ።

ስለ ማመልከቻ ካነሣን፣ መደበኛ ደብዳቤ ላይ «ጌት»ን ቀንሱ። ደብዳቤ ሲደርስ «ሪሲቭ»፣ ሲሆን «ቢካም»፣ ሲደርሱ «አራይቭ» ጻፉ። ለወሬ ግን እነዚህን አታብዙ፣ ደረቅ ያደርጓችኋል።

ደረጃ 6፦ ቀናችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ

በሰባተኛው ቀን ደብተሩን ዝጉ። ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ሂዱ። እየሄዳችሁ የዛሬውን ቀን በአሥር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ውስጥ «ጌት» ወይም «ጎት» ይኑር፣ ከአምስቱም ሳጥን ቢያንስ አንድ አንድ ይምጣ። ሰው ፊት ማውራት ካሳፈራችሁ ስልክ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ።

መሐል ላይ ከጠፋባችሁ አትቁሙ። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ተናገሩና ግሡን ስሙ። «አስ-» ካለው ሳጥን 4፣ «ተ-» ካለው መጀመሪያ ሳጥን 3 ሞክሩ፣ እንደ «በረደኝ» ከሆነ ሳጥን 2። ከዚያ እንግሊዝኛውን ገንቡ።

ከሰው ጋር እያወራችሁ «ጌት» ካመለጣችሁ ደግሞ እሺ ብላችሁ አትለፉ። «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት» በሉ። ተናጋሪው ይደግምላችኋል።

የመጨረሻ ፈተና

መልሱን በወረቀት ሸፍኑ።

1. «አይ ጎት ዌት»
2. «ጌት ሚ ኤ ቼር»
3. «ሺ ጎት ኸር ካር ዎሽድ»
4. «ሂ ጎት አሬስትድ»
5. «ሀው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ናሽናል ሙዚየም?»
6. «አይ ኔቨር ጎት ቱ ሲ ሉሲ»
7. «ዶንት ጌት ሚ ሮንግ»

መልስ፦ 1. በሰበስኩ (ሳጥን 2)። 2. ወንበር አምጣልኝ (ሳጥን 1)። 3. መኪናዋን አሳጠበች (ሳጥን 4)። 4. ታሰረ (ሳጥን 3)። 5. ብሔራዊ ሙዚየም በየት በኩል ልሂድ? (ሳጥን 5)። 6. ሉሲን የማየት ዕድል አልገጠመኝም (ደረጃ 5)። 7. በክፉ አትረጂኝ፤ ይህ «ገባኝ» ከሚለው ጋር ሳጥን 1 ውስጥ ይቀመጣል።

5ኛውና 6ኛው ከተምታቱባችሁ ደረጃ 5ን ብቻ ድገሙ። 3ኛውን «መኪናዋን አጠበች» ካላችሁት ሳጥን 4ን ነገ እንደገና ሥሩ፤ ሌላውን አትንኩ። 7ኛውን ያለፍንጭ ከመለሳችሁ የሚቀጥለው ሳምንት ቃላችሁ «ቴክ» ነው። አዲስ ገጽ ክፈቱና ከደረጃ 2 ጀምሩ።